ልብወለዶቹን ከቁልፍ አውጡልን

ይድረስ፦ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎች፣ ለአማርኛና ለታሪክ መምህራን
ጉዳዩ፦ በሞዴል 19 ገብተው በሞዴል 22 ስላልወጡ ልብወለዶች

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና መምህራን፣

ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ። ጉዳዩን ያነበበ ሰው ደብዳቤው ለንብረት ክፍል ተጽፎ በስሕተት እናንተ ዘንድ የደረሰ ይመስለው ይሆናል። ስሕተት የለበትም። 22 ዓመት የኖርኩት በሂሳብ ሙያ ነው፤ ነገሬን በማውቀው ቋንቋ ብጀምር ይቀናኛል ብዬ ነው። ዕቃ ተገዝቶም ሆነ በስጦታ መጥቶ ግምጃ ቤት ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጥለታል። ለሥራ ሲወጣ ደግሞ ሞዴል 22። ገቢ ሆኖ ዓመት ከዓመት ወጪ የማይደረግ ዕቃ ስናገኝ እኛ ኦዲት ላይ የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ታዲያ ለምን ተገዛ?

አሥረኛ ክፍል የምትማር ልጅ አለችኝ። ባለፈው ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ አንድ ገጽ ጽፋ እንድትመጣ ታዘዘች። ከመማሪያ መጽሐፏ እየቀነጨበች ጻፈችና ማታ አሳየችኝ። ዓመተ ምሕረቱ ልክ ነው፤ የቦታው ስም ልክ ነው፤ ሰውየው ግን የሉበትም። «ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» አልኳት። «ሀገር አንድ ያደረጉ» አለችኝ። «እሱማ ሥራቸው ነው፤ እሳቸውስ?» ዝም አለች። ልጅቷ ሰነፍ ሆና አይደለም፤ የሰጧትን ሁሉ በሚገባ መልሳለች። በነጋታው ከትምህርት ቤቷ ቤተ መጻሕፍት የብርሃኑ ዘሪሁንን «የቴዎድሮስ እምባ» ጠይቃ እንድትዋስ ነገርኳት። ባዶ እጇን ተመለሰች። «ልብወለድ አይወጣም፤ ለፈተናም አይጠቅምሽም» ተብላለች።

ቅዳሜ ጠዋት ራሴ ሄድኩ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ ነገሬ ከአንድ ትምህርት ቤት ጋር አይደለም። በንባብ ክፍሉ ጥግ ባለ መስታወት ቁም ሣጥን ቆሟል፤ ለብረት በር የሚበቃ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል። በመስታወቱ አሻግሬ የመጻሕፍቱን ጀርባ አነበብኩ፦ የብርሃኑ አለ፣ የአቤ ጉበኛ አለ፣ የሐዲስ ዓለማየሁ አለ። ጠረዛቸው አልተሰበረም። የሰው እጅ አልነካቸውም ማለት ነው። ኃላፊው ትሑት ሰው ናቸው፤ ወንበር አቀረቡልኝ። «ልጆቹ ወስደው አይመልሱም፤ አንድ ሲጎድል ከደመወዜ ነው የሚቆረጠው። ቁልፉም ምክትል ርእሰ መምህሩ ጋ ነው» አሉኝ። ተቆጥቼ ነበር የገባሁት፤ ይህን ስሰማ ግን አፈርኩ። እንዲህ ያለውን ቅናሽ በደመወዝ መክፈያ ላይ ሲያሰፍር የኖረ ሰው ነኝ። መጽሐፍን እንደ ወንበርና እንደ ጠረጴዛ የምናስረክባቸው እኛው ነን፤ እሳቸው ቢቆልፉበት ምን ይገርማል?

እንግዲህ ይህ ደብዳቤ የአንድ አንባቢ ምክር ነው፦ የትኞቹን ታሪካዊ ልብወለዶች ከቁም ሣጥኑ ብታወጡ፣ እንዴትስ ብታስነብቧቸው እንደሚበጅ። ምሁር አይደለሁም። ግን 30 ዓመት ሙሉ ከደመወዜ ላይ ለመጽሐፍ ሳልቀንስ ያለፍኩት ወር ጥቂት ነው።

«ልብወለድና ታሪክ ምን አገናኛቸው?» የሚሉኝ አሉ። ቃሉን ራሱን ከየት እንዳገኘነው ላስታውሳቸው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት፣ ዛሬ «ጦቢያ» እያልን የምንጠራው የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ልብወለድ፣ ሽፋኑ ላይ የተጻፈው «ልብ ወለድ ታሪክ» ተብሎ ነው። ልብ የወለደው ታሪክ! የዘርፉ መጠሪያ ከዚያ መጣ፤ እኛ ግን ሁለተኛውን ቃል ቆርጠን ጣልነውና ልብ ብቻውን ወላጅ ሆኖ ቀረ። ጦቢያ የቆየ ዘመን ሰዎች የጦርነትና የስደት ታሪክ ናት፤ ዓመተ ምሕረት አይቆጠርባትም። ስለዚህ ለጀማሪ አልመክራትም። አማርኛዋም ለዛሬ ልጅ ዳገት ነው። በቁም ሣጥኑ ውስጥ ግን አንድ ቅጂ ሳትኖር መቅረት የለባትም።

ለጀማሪ የምመክረው አንድን ሰው በብዙ እጅ ተጽፎ ማንበብ ነው፤ ለዚህ ደግሞ እንደ ቴዎድሮስ የታደለ ንጉሥ የለንም። የብርሃኑ «የቴዎድሮስ እምባ» እና የአቤ ጉበኛ «አንድ ለእናቱ» የታተሙት በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መግቢያ ላይ፣ ንጉሡ ከሞቱ መቶ ዓመት በሚሞላበት ሰሞን ነው። ብርሃኑ ጋዜጠኛ ነበር፤ ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፣ ቶሎ ይመታል። አቤ ግን አይቸኩልም፤ ከእናቲቱ ይነሣል፣ ልጁን ከድህነቱና ከሚወርድበት ስድብ ጋር ያሳድገዋል። «የኮሶ ሻጭ ልጅ» የሚለው ዘለፋ በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ አንዲት ሐረግ ናት፤ በአቤ እጅ ስትገባ ግን እንደ እሾህ ውስጥ ለውስጥ ትሄዳለች። ብርሃኑ በኋላም በ«የታንጉት ምስጢር» ወደዚያው ዘመን ተመልሷል። ሦስቱንም ያነበበ ልጅ ሦስት ቴዎድሮስ ያገኛል። የትኛው ነው እውነተኛው ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ እኔም የምፈልገው ይህን ጥያቄ ነው።

ለልጄ መጽሐፎቹን ከቤት አውጥቼ ሰጠኋት፤ ባለ 50 ቅጠል ደብተርም ጨመርኩላት። ገጹን በማስመሪያ ለሁለት ከፈልነው። በግራ «የሆነ»፣ በቀኝ «የተፈጠረ»። ገቢና ወጪ እንደማለት ነው። በግራው በኩል የሚገባው ሰነድ ያለው ብቻ ነው፦ ካሣ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ነገሡ። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ደጃዝማች ውቤ ለራሳቸው ንግሥ አስበውት ነበር፤ ድግሱ ለድል አድራጊው ሆነ። ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተሠራ። በ1855 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ የተላከው ደብዳቤ መልስ አጣ። የጄኔራል ናፒየር ጦር ከህንድ ያመጣቸውን 44 ዝሆኖች እየነዳ ከዙላ ተነሥቶ መቅደላ ደረሰ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ ንጉሡ ከዚያችው ንግሥት በስጦታ በመጣላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ።

በቀኙ ዓምድ ልጄ ምን ጻፈች? ንጉሡ ለባለቤታቸው ለተዋበች በሌሊት የነገሯትን። መቅደላ አፋፍ ላይ ሆነው በመጨረሻዋ ደቂቃ ያሰቡትን። «ይህን ማን ሰማው?» ብላ በእርሳስ ጽፋበታለች፤ ሥሩን ሁለት ጊዜ አስምራለች። እኔ ለዚህች አንዲት መስመር ብዬ አንድ ዓመት ሙሉ የአስጠኚ ክፍያ ብከፍል አይቆጨኝም። ከዚያ ሦስተኛ ዓምድ ያስፈልጋል አለች። ለምን ብላት «የተፈጠረ ነው፤ ግን ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ ይሄ የት ይግባ?» አለችኝ። በሂሳብ ሥራ ውሉ ያልለየለት ገንዘብ የምናቆይበት ጊዜያዊ መዝገብ አለ። እሱን ከፈትንላት። በየሳምንቱ የሚሞላው እሱ ነው።

እዚህ ላይ ሕዝቡ የገጠመውን ሳልጠቅስ አላልፍም፦

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፣
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

ይህ ግጥም በየትኛው ዓምድ ይገባል? መግጠሙ ሆኗል፤ ሕዝብ ገጥሞታል። ጩኸቱም ነበር። «ወንድ አንድ ሰው» የሚለው ግን ፍርድ ነው። ልጄ በሦስቱም ላይ ጻፈችው፤ እኔም ተውኩላት። ከተቻለ ደግሞ በንጉሡ ዘመን የኖረውን የደብተራ ዘነብን ዜና መዋዕል ከልብወለዶቹ ጎን አስቀምጡላቸው፤ አጭር ነው፣ አማርኛው ጣዕም አለው፣ ልጆቹም ደራሲዎቹ ከየት እንደቀዱና የት እንደለቀቁ በጣታቸው እየጠቆሙ ያገኙታል።

የታሪክ መምህራን ሥጋት ይገባኛል። «ተማሪው ፈጠራውን እንደ እውነት ይዞ ይቀራል» ትላላችሁ፤ እውነታችሁን ነው። በመሥሪያ ቤታችን አንድ የተማረ ባልደረባዬ በምሳ ሰዓት «ቴዎድሮስ እንዲህ ብሎ ነበር» እያለ የሚጠቅሳት ንግግር አለች። ከትያትር መድረክ የወጣች ናት። ደራሲው ነው ያላት፤ ንጉሡ አላሏትም። ግን ልብ በሉ፤ ይህ ሰው እንዲህ የሆነው ልብወለድና ትያትር ስላበዛ አይደለም። ሲያነብና ሲያይ ዓምዱን እንዲለይ ያስተማረው ስላልነበረ ነው። ደግሞም መጽሐፉን ብትቆልፉበት ቴሌቪዥኑንና ስልኩን አትቆልፉበትም፤ የተፈበረከ ታሪክ በዚያ በኩል በጅምላ እየገባ ነው። መለየትን የሚለማመደው የት ነው? የደራሲው ስም ሽፋኑ ላይ የተጻፈበት፣ ፈጠራ ነው ተብሎ በግልጽ የተነገረለት መጽሐፍ ከሁሉም የተሻለ መለማመጃ ነው።

የሁለት ዓምድ ነገር የእኔ ግኝት መስሎኝ ስኮራ ነበር። ለካ ፑሽኪን ቀድሞኛል። ራሽያዊው ባለቅኔ በእቴጌ ካትሪን ዘመን ስለተነሣው የፑጋቾቭ ዐመፅ መጀመሪያ በ1834 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታሪክ መጽሐፍ አሳተመ፤ መዝገብ ቤት ገብቶ፣ ዐመፁ የተነሣበት አገር ድረስ ሄዶ አሮጊቶችን ጠይቆ። ከዚያ በሁለት ዓመቱ ያንኑ ዐመፅ «የካፒቴኑ ልጅ» በተባለ አጭር ልብወለድ መልሶ ጻፈው። ግራውን ለብቻ፣ ቀኙን ለብቻ! በታሪክ መጽሐፉ ውስጥ ፑጋቾቭ ዐመፀኛና ነፍሰ ገዳይ ነው። በልብወለዱ ውስጥ በበረዶ መንገድ የጠፋበትን ወጣት መኮንን መንገድ ያሳየዋል፤ ወጣቱም ለብርዱ ካፖርት ይሰጠዋል፤ በኋላ ሞትና ሕይወት በዚያች ካፖርት ይወሰናሉ። ካፖርቷን የትም መዝገብ ላይ አታገኟትም። መጽሐፉ ከ200 ገጽ አይበልጥም፤ ለአሥረኛ ክፍል ልጅ ይመጥናል። ፑሽኪን ቅድመ አያቱ ከአፍሪካ በሕፃንነቱ ተወስዶ በታላቁ ጴጥሮስ ቤት ያደገው ጋኒባል መሆኑን፣ ስለ እሱም ታሪካዊ ልብወለድ ጀምሮ ሳይጨርስ መቅረቱን ብትነግሯቸው ደግሞ በአዲስ አበባ በስሙ የተጠራው አደባባይ ለልጆቹ የታክሲ መውረጃ ብቻ መሆኑ ያበቃል።

አሁን ከሁሉ አብልጬ ወደምወደውና ከሁሉ አብልጬ ወደምጣላው መጽሐፍ ልምጣ። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቼልን ወፍራም ልብወለድ ወደ አማርኛ መለሰው። ወረቀት የለም፤ የጻፈው በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው፤ ወደ 3,000 በሚጠጉ ቁርጥራጮች። እነዚያ ቁርጥራጮች ከእስር ቤት ወጥተው ተሰባስበው «ነገም ሌላ ቀን ነው» የተባለው መጽሐፍ ሆኑ። ልጆች ወረቀት ሲያባክኑ ባየሁ ቁጥር ይህን እነግራቸዋለሁ፤ ሰልችቷቸዋል። እስቲ አንድ ባዶ የሲጋራ ፓኮ ከፍታችሁ የውስጡን ወረቀት ዘርጉት። ስንት መስመር ይይዛል? ክፍል ውስጥ እንዲህ አድርጋችሁ ብታሳዩዋቸው ያንን መጽሐፍ ሳይዋስ የሚወጣ ተማሪ አይኖርም።

የምጣላው ደግሞ በዚሁ ምክንያት ነው፤ ልብ ይሰርቃል። ታሪኩ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነው፤ የታተመው በ1936 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ከጦርነቱ 70 ዓመት በኋላ፣ የተሸነፈው የደቡብ ወገን እንዲያይ በሚፈልገው ዓይን ነው። አትላንታ ስትቃጠል አብረን እንቃጠላለን። ባለታሪኳ ስካርሌት ስትራብ እንራባለን። ጥጡን የሚለቅሙት ባሮች ግን በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ጌቶቻቸውን የሚወዱ፣ ነፃነት ግራ የገባቸው ሰዎች ሆነው ነው የቀረቡት። እኔ መጽሐፉን በ19 ዓመቴ ስጨርስ ለስካርሌት አልቅሼ ነበር፤ ስለ ባሮቹ አንድም ጥያቄ አልተነሣብኝም። ሁለተኛ ጊዜ ያነበብኩት በ40 ዓመቴ ነው፤ በራሴ አፈርኩ። አንዲት ጥሩ አድርጋ የምትጽፍ ሴት 12 ሰዓት ሙሉ ቁጭ አድርጋ ስታሳምነኝ ደረሰኝ አልጠየቅኋትም ነበር። ስለዚህ ይህ መጽሐፍ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ይሁን፤ ደብተሩ ከጎኑ ሳይለይ። ጥያቄውም ባሕር ማዶ እንዳይቀር። በእኛ ሀገር ባርነትን በአዋጅ የሻርነው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ የብዙዎቻችን አያቶች በሕይወት ሳሉ። በራሳችን ታሪካዊ ልብወለዶች ውስጥ ባሪያው ስንት ገጽ ተናገረ? ተማሪዎቹ ይቁጠሩት፤ የማሟያ ፈተና ጥያቄ ይወጣዋል።

የጣሊያን ወረራ ሲመጣ የመጀመሪያው ምርጫዬ ያረጀ ነው፦ የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ»። በፈረንሳይ ተምሮ ሀገሩን ሊያገለግል የተመለሰው ወጣት ቢሮ ለቢሮ ሲንከራተት የሚያሳልፈው ክፍል ዛሬ የተጻፈ ይመስላል፤ ከዚያ ወራሪው ይመጣና ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። የደራሲው አባት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ወረራው ሲጀመር ጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ለኢትዮጵያ የተሟገቱት ናቸው። በጅሮንድ ማለት የግምጃ ቤቱ ኃላፊ፣ የእኛ ሙያ የበላይ አለቃ ነው፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልሆነልኝም። መጽሐፉ አንዳንድ ቦታ ይሰብካል። ስብከቱን ዝለሉት ብላችሁ አትንገሯቸው፤ ልጆች ሲሰበክ ራሳቸው ያውቃሉ።

ሁለተኛው የመዓዛ መንግስቴ ነው። አዲስ አበባ ተወልዳ አሜሪካ የምትኖረው ይህች ደራሲ በእንግሊዝኛ የጻፈችው፣ ርእሱ «የጥላው ንጉሥ» ማለት የሆነው ልብወለድ፣ በ2020 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ነበር። ሂሩት የተባለች ወላጆቿ የሞቱባት የቤት ሠራተኛ አለች። ከአባቷ የቀራት አንድ ውጅግራ ጠመንጃ ነው፤ እሱንም ጌታዋ ለጦርነቱ ብሎ ይወስድባታል። ንጉሠ ነገሥቱ ከሀገር ሲወጡ፣ መልኩ እሳቸውን የሚመስል አንድ ድሃ ንጉሥ ሆኖ በየተራራው ይታያል፤ የተዋጊው ልብ እንዳይከዳ። ስሙ ማን ይመስላችኋል? ምንም። በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ውስጥ ያቺን የአማርኛ ቃል ሳገኝ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ቆየሁ። የመዓዛ ቅድመ አያት ራሷ በዚያ ጦርነት የዘመተች መሆኗን ደራሲዋ ተናግራለች፤ በ«የሆነ» ዓምድ ይግባልኝ። ግን ሳልደብቅ ልናገር፦ በሴት ልጅ ላይ የሚፈጸም ግፍ በግልጽ የተጻፈበት ነው። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብቻ፣ ያውም መምህሩ ወይም መምህርቷ ቀድመው አንብበውት።

ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዙ አልልም፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ያደመጠም ያላነበበም ያውቀዋል። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰብለና በዛብህን ለጊዜው ተዋቸውና ፊታውራሪ መሸሻ ከባላገሮቹ ጋር የገቡበትን ጠብ ለታሪክ ክፍለ ጊዜ አምጡት። «የፊውዳል ሥርዓት» እያላችሁ በሰሌዳ የምትጽፉት ነገር እዚያ ውስጥ ሰው ሆኖ ይጨቃጨቃል።

የብርሃኑን «ማዕበል» ሦስት መጻሕፍት ታሪካዊ ናቸው ወይስ አይደሉም ብሎ የሚከራከረኝ ወዳጅ አለኝ። ደራሲው በ1965 እና 66 ስለደረሰው የወሎ ረኃብና ስለ አብዮቱ የጻፈው አብዮቱ አሥር ዓመት ሳይሞላው ስለሆነ «ያየውን ነው የጻፈው፤ ታሪክ ሊባል አይችልም» ይላል። በዓሉ ግርማም በ«ኦሮማይ» ደርግ በኤርትራ ያካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ የጻፈው ገና ትኩሱ ሳይበርድ ነው፤ መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ተሰበሰበ፣ ደራሲው በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ወዳጄ በሕጉ ትክክል ይሆናል። ነገር ግን በ2000 ዓ.ም. ለተወለደ ልጅ አስመራ ላይ የኢትዮጵያ ጋዜጠኛ ቡና የሚጠጣበት ዘመን ከደረስጌው ንግሥ እኩል ሩቅ ነው። አስገቡለት።

የዓድዋን ነገር ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የፈለገ ሰው ያጣዋል። ግጥምና ትያትር ሞልቷል፤ እኔ የምፈልገው ግን በቅሎ ነጂውን፣ ውኃ የምትቀዳዋን፣ ስንቅ የምትፈጨዋን የሚከተል ልብወለድ ነው። ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ደራሲ ካለ፣ በቅድሚያ አንድ ቅጂ ከፍዬ ለመግዛት ዝግጁ ነኝ።

ወደ ጓጉንቸሩ ልመለስ። የምጠይቀው ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር አይደለም። መጽሐፍ ከቋሚ ንብረት መዝገብ ወጥቶ እንደ ጠመኔና እንደ ወረቀት በአላቂ ዕቃ ይያዝ። በንባብ ብዛት የተበጣጠሰ መጽሐፍ ሲገኝ በኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ተይዞ ከመዝገብ ይሰረዝ እንጂ ከማንም ደመወዝ አይቆረጥ። እንዲያውም የተበጣጠሰ መጽሐፍ የበዛበት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ይመስገን፤ በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ ላይ ሁሉም መጽሐፍ አዲስ ሆኖ የተገኘበት ደግሞ ማብራሪያ ይጻፍ። ልጆቹ በስማቸው ፈርመው ለ15 ቀን ይዋሱ። ሰርቆ ያልመለሰ አይጠፋም፤ መጽሐፍ የሚሰርቅ ልጅ ካላችሁ ግን ስሙን ለአማርኛ መምህሩ አሳልፉለት፤ ለዚህ ልጅ የሚሆን ሌላ መጽሐፍ ይፈልግለት። መምህራን ሆይ፣ ከእናንተ የምፈልገው በመንፈቅ አንድ ልብወለድ፣ አንድ ደብተር፣ ሦስት ዓምድ ነው። እርማቱም ቀላል ነው፤ በግራ ዓምድ የተጻፈውን በሰነድ ትመረምራላችሁ፣ በቀኙ ላይ ትከራከራላችሁ፣ ሦስተኛውን ለተማሪው ትተዉለታላችሁ።

አሳታሚዎች ይህን ካነበባችሁ ደግሞ፣ ከላይ ከጠራኋቸው ውስጥ አንዳንዶቹን የገዛኋቸው ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች ዘንድ ነው፤ ሽፋናቸው በፕላስተር የተያያዘ፣ ገጽ የጎደላቸው። በአንዱ ላይ የጎደሉትን አራት ገጾች የቀድሞው ባለቤት ከሌላ ቅጂ በእጁ ገልብጦ በስፒል አያይዟቸዋል። የእጅ ጽሑፉ ከኅትመቱ ያምራል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ወደዚያ ትምህርት ቤት በድጋሚ እሄዳለሁ። ስድስት መጽሐፍ በካርቶን አዘጋጅቻለሁ፤ ስፒል ያለበትም ውስጡ አለ። ሞዴል 19 እንድትቆርጡልኝ አልፈልግም። አንድ ተማሪ ተዋሰ የሚል ፊርማ በመጀመሪያው ሳምንት ካሳያችሁኝ ሌላ ስድስት አመጣለሁ። ቁልፉን ግን ከምክትል ርእሰ መምህሩ ተቀብላችሁ ጠብቁኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሂሳብ ሠራተኛና የተማሪ ወላጅ
አዲስ አበባ